ዙሪክ ላይ የተዘጋው በር

ሜራን፣ ጄኔቫ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? ክረምቱ እንዳይጠናብህ እየሰጋሁ ነው። በዚህ ወር ሦስት ጊዜ ደውለህ «ድምፅሽ ልክ አይደለም፣ ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ጉንፋን ነው» ያልኩህ ውሸት ነው። በስልክ ልነግርህ ብሞክር አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ አንተ እኔን ማባበል ትጀምርና ነገሩ ይቀራል። የምጽፍልህ ነገር የሚያሳዝን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። የሚያስጠይፍ ነው። መነጽርህን አድርገህ ብቻህን አንብበው። ለወንድሜ ለአየነው አታሳየው፤ ቶሎ ይናደዳል።

ሐምሌ 3 ቀን ከሮም ወደ ጄኔቫ በሚመጣው በረራ ላይ ተመድቤ ነበር። የምሠራበትን አየር መንገድ ታውቀዋለህ፤ ስሙን እዚህ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ መቶ አርባ ስድስት ተሳፋሪ ይዘናል። ጄኔቫ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ሲቀረን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ማረፊያው ተዘጋ። ወደ ዙሪክ ዞርን። እስከዚህ ድረስ ማንንም አልወቅስም።

ዙሪክ ያረፍነው እንደኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እዚያ ዝናብ የለም፤ ጠራራ ፀሐይ ነው። ከሕንፃው ርቆ ባለ ሜዳ ላይ አቆሙን። አውሮፕላን ሞተሩ ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን የሚያሠራለት ሌላ ትንሽ ሞተር ጅራቱ ውስጥ አለው። የእኛው ከተበላሸ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ድርጅቱም ያውቃል። እንዲህ ሲሆን ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ መኪና ይጠራል፣ መሰላል ይጠራል፣ አውቶቡስ ይጠራል። ድርጅታችን ግን ዙሪክ ውስጥ እነዚህን ከሚያቀርብ ከማንም ጋር ውል የለውም። ይምጡ ከተባለ ይመጣሉ፤ ይምጡ የሚለው ግን ጄኔቫ ያለው ዋናው ቢሮ ነው። ዋናው ቢሮ «ጠብቁ» አለ።

ጠበቅን።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አገሩን ስለማታውቀው። የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ባቡር ጣቢያ እዚያው ሕንፃው ሥር ነው። ከዚያ ተሳፍረህ ጄኔቫ ለመድረስ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ተሳፋሪው ሁሉ ይህን ያውቃል። አንድ መምህር የሆነ ሰውዬ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ በትሕትና መጥቶ «እመቤት፣ መሰላል ብቻ ስጡን። ሻንጣችንን በኋላ ላኩልን። እኛ በባቡር እንሄዳለን» አለኝ። ሄጄ ለካፒቴኑ ነገርኩት። ካፒቴኑ ስልኩ ጆሮው ላይ እንደተለጠፈ ነው። «ጠይቄያለሁ። ጄኔቫ ሊከፈት ስለሆነ ተሳፋሪ አይውረድ ብለዋል። የወረደውን መልሶ መሰብሰብ ጊዜ ይፈጃል አሉ» አለኝ።

ጄኔቫ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተከፈተ። የእኛ ተራ ግን አልደረሰም። ሠላሳ ደቂቃ ይቀራችኋል ተባልን። የአስተናጋጆቹ አለቃ ሲልቪ በፈረንሳይኛ ለተሳፋሪው ተናገረች። እኔ ያኔ እንደመጣሁ ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ የሚባል ሰፈር ስኖር በተማርኩት ጀርመንኛዬ ደገምኩት። ከዚያ ሌላ ሠላሳ ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ። ማይክሮፎኑን ይዤ ስድስት ጊዜ «ሠላሳ ደቂቃ» ብያለሁ፣ አባዬ። ከሦስተኛው በኋላ እንደማይሆን አውቅ ነበር።

አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ እማማ ሀጂራ የሚባሉ እናት ተቀምጠው ነበር። የከሚሴ ሰው ናቸው፤ ጄኔቫ አጠገብ ቨርሷ የምትባል ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሮም ያለችውን እህታቸውን አይተው መመለሳቸው ነው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ልጄ፣ አማርኛ ትችያለሽ እንዴ? አልሐምዱሊላህ! ምን እያሉ ነው እነዚህ?»

«ትንሽ ጠብቁ ነው የሚሉት፣ እናቴ። ሠላሳ ደቂቃ።»

«አንቺ ካልሽ እጠብቃለሁ» አሉኝ፣ እጄን መታ መታ እያደረጉ።

በጀርመንኛ ስዋሽ ይህን ያህል አልከበደኝም ነበር።

በሦስተኛው ሰዓት ኩሽናው ውስጥ ያለው መለኪያ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ አለ። መጸዳጃ ቤቶቹ ሞሉ። ሽታውን ልገልጽልህ አልፈልግም፤ ግን እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይሸተኛል። ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ተኙ። አንዲት ሴት ከረጢት ውስጥ አስመለሰች፣ ከረጢቱን የምጥልበት ቦታ አጣሁ። ውሃ አለቀ። ካፒቴኑን «በሩን እንኳ ከፍተን አየር እናስገባ» ስለው «መሰላል ሳይኖር በር መክፈት ደንቡ አይፈቅድም፤ እኔም እንደ እናንተው እስረኛ ነኝ» አለኝ። አይደለም። አዛዡ እሱ ነው። የቁጥጥር ማማውን በሬዲዮ ጠርቶ «መሰላል አምጡልኝ» ቢል ማንም አይከለክለውም። ቢሮውን ፈራ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው፣ ትከሻው ላይ አራት ወርቃማ መስመር ያለው፣ ስልክ ይፈራል።

አሁን የምጽፈውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

በአራተኛው ሰዓት ሲልቪ ከኋላ መጋረጃውን ስባ ጠራችኝ። አራት ጠርሙስ ውሃ ደብቃ አስቀምጣለች። አንዱን ሰጠችኝ። «የሠራተኛ ድርሻ ነው። እኛ ከወደቅን ማን ይረዳቸዋል?» አለችኝ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ጠጣሁ። ግማሹን ለመተው እንኳ አላሰብኩም፣ ሙሉውን ጠጣሁ። አፌን ጠርጌ መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ እማማ ሀጂራ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«ውሃ አለ ወይ፣ ልጄ?»

«አልቋል፣ እናቴ» አልኳቸው።

አመኑኝ። «እሺ፣ ምን ታደርጊ» አሉና ሻሻቸውን አላልተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጊዜ ዞሬ ከሦስቱ ጠርሙሶች አንዱን ማምጣት እችል ነበር። ሲልቪ እጄን አልያዘችም። ማንም አልያዘኝም።

አምስተኛው ሰዓት አልፎ ካፒቴኑ ሰብስቦ አዲስ ወሬ ነገረን። የእኛ የሥራ ሰዓት ስላለቀ እኛ ማብረር አንችልም። ቢሮው ተተኪ ሠራተኞች ልኳል፤ እነሱ እስኪደርሱ ተሳፋሪው ባለበት ይቆይ ተብሏል። «በምንድን ነው የሚመጡት?» አልኩት። ዓይኑን ሰበረ። «ከጄኔቫ በባቡር» አለ።

በባቡር! አንድ መቶ አርባ ስድስት ሰው እንዳይሳፈርበት የተከለከለው ባቡር ለእነሱ ሠራ። አንድ አስተናጋጅ ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር ሆኖ አይደለም። ከሽታውም ከሙቀቱም በላይ ያ አስጠየፈኝ።

ወደ ኋላ ስመለስ እማማ ሀጂራ በጎን ተደፍተዋል። አጠገባቸው ያለችው ልጅ እግር «ስጠራቸው አይመልሱም» አለችኝ። ቆዳቸው እንደ እሳት ይፋጃል፣ ላብ ግን የለም። ካፒቴኑ ቢሮውን ጠራ። ቢሮው ሐኪም ያለበት የስልክ መስመር ሰጠው። መስመሩ «እግራቸውን ከፍ አድርጉ፣ ውሃ ስጡ፣ ሁኔታውን ተከታተሉ» አለ። ያን ጊዜ ሲልቪ ጠርሙሶቹን አመጣች። መዋጥ አልቻሉም።

ከቦርሳዬ የራሴን ስልክ አወጣሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አውጥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ ያለ ካፒቴኑ ትዕዛዝ ወደ ውጭ መደወል ከሥራ እንደሚያስወጣ ፈርመናል። 144 ደወልኩ፤ እዚህ የአምቡላንስ ቁጥር ነው። የማረፊያውን ሜዳና የአውሮፕላኑን ቁጥር ተናገርኩ፣ «ሰው እየሞተብን ነው፣ መሰላል የለንም» አልኩ። ሴትየዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው በሩ የተዘጋው?» ስነግራት «አሁኑኑ እልካለሁ» አለች።

በሰባት ደቂቃ ደረሱ። የእሳት አደጋ መኪና፣ አምቡላንስ፣ መሰላል። በሩ ተከፈተ። ካረፍን አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆኖናል። ሰባት ደቂቃ ነበር የፈጀው፣ አባዬ! እማማ ሀጂራን በቃሬዛ አወረዷቸው። የቀረው ሕዝብ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ተከትሎ ወረደ። ያ መምህር በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ሀጂራ በሦስተኛው ቀን ዙሪክ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

በሳምንቱ ጄኔቫ ቢሮ ተጠራሁ። አንዲት የአስተዳደር ሴትና አንድ ጠበቃ ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ አለ። የተተየበ ወረቀት ሰጡኝ። «ውሃ በየጊዜው ታድሏል። የካቢኑ ሙቀት ተቀባይነት ባለው ደረጃ ላይ ነበር። ተሳፋሪዋ የቆየ የልብ ሕመም ነበረባቸው። መዘግየቱ ከድርጅቱ አቅም በላይ በሆነ የአየር ጠባይ የተከሰተ ነው።» ከሥሩ የሲልቪ ፊርማ አለ። ሲልቪ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ፊርማዋን ሳየው ፊቴን አዞርኩ።

«ዝናቡ የዘነበው ጄኔቫ ነው» አልኩት ጠበቃውን። «በሩ የተዘጋው ዙሪክ ነው። የበሩ መዘጋት የትኛው የአየር ጠባይ ነው?»

ፈገግ አለ። «እርስዎ ከስሜት አንጻር እያዩት ነው። እኛ ከኃላፊነት አንጻር ነው የምናየው።»

«እኔም ከኃላፊነት አንጻር ነው የጠየቅሁዎት።»

«የግል ስልክ መጠቀምዎ ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑን ያውቃሉ?» አለች ሴትየዋ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ማስታወሻ የምታቀብለኝ ያህል።

ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩ። ፈርቼ ነበር፤ ጀግና እንዳታደርገኝ።

ከዚያ ስወጣ ስላንተ አሰብኩ። ዓባይ በረሃ ላይ መንገዱ ተደርምሶ የምትነዳው አውቶቡስ የቆመ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ከኋላህ ተቀምጬ ነበር። የባለቤቱ ሰው «ሰው እንዳይበተን በሩን ዝጋ» ሲልህ ቁልፉን አውጥተህ ኪስህ ከተትክና ሰዉን ሁሉ ዋርካ ሥር አወረድከው። ጀሪካን ይዘህ ውሃ ፍለጋ የወረድከው አንተው ነህ። ስትመለስ ከሁሉም በኋላ ነው የጠጣኸው። ይህን እንደ ትልቅ ነገር አውርተኸው አታውቅም። ሰው ጭኖ መሄድ ማለት እንዲህ ይመስለኝ ነበር፤ ሁሉም እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ የእማማ ሀጂራ ልጅ ነጃት ቤቴ መጣች። ስልክ ቁጥሬን ያገኘችው በጸሎት ቤታችን ከሚያገለግለው ከአስረስ ነው፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ይሠራሉ። ጥቁር ለብሳለች። ሻይ አቀረብኩላት፣ አልነካችውም። ከቦርሳዋ ደብዳቤ አወጣች፤ ድርጅቱ የላከላት የሐዘን መግለጫ ነው።

«ውሃ በየጊዜው ታድሏል ይላል» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ። እናቴ ጠጥታ ነበር?»

ከቤቴ በላይ አውሮፕላን እያለፈ ነበር፤ ሜራን ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ ነገርኳት። ስድስቱን ሠላሳ ደቂቃ፣ መጋረጃውን፣ የጠጣሁትን ጠርሙስ፣ «አልቋል» ያልኳቸውን፣ ሁሉንም። አንዱንም አላስቀረሁም። እያየችኝ አዳመጠች። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም።

«አመሰግናለሁ አልልሽም» አለች በመጨረሻ።

«አትበይኝ።»

«ይህንኑ በሌላ ሰው ፊት ትደግሚዋለሽ? ጠርሙሱን ጭምር?»

«ጠርሙሱን ጭምር» አልኳት።

ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ድርጅቱን ከሳለች፤ መስከረም 20 ቀን ጉዳዩን የያዙት መርማሪዎች ፊት እንቀርባለን፤ እሷ እንደ ከሳሽ፣ እኔ እንደ ምስክር። ድርጅቱ የጠርሙሱን ነገር እኔ ላይ እንደሚያዞረው አውቃለሁ። ያዙረው። የኔ ድርሻ የኔ ነው፤ የእነሱን ግን እኔ አልሸከምላቸውም።

በጥቅምት እመጣለሁ ያልኩህን ለጊዜው ተወው፣ አባዬ። የደንብ ልብሴን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ የደረት ምልክቱን ጨምሬ በፖስታ ለድርጅቱ መልሼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እስከ ሐይቁ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ጊዜ አለኝ። እየበላሁ ነው፣ አትስጋ። ለጎረቤት «ልጄ ደህና ናት» በላቸው፣ ሌላ አትጨምር።

አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን በስንተኛው ሰዓት ትደውል ነበር?

አይ፣ ተወው። አትጻፍልኝ። አውቀዋለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ዓይንህን ይጠብቅልህ፣ እኔንም ቀና ብዬ አንተን ለማየት ያብቃኝ።

የምትወድህ ልጅህ፣
መቅዲ ቢረሳው