በማጫወቻው ውስጥ የቀረው ካሴት

ዛሬ ጥር ፲፱ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሠርግ በቪዲዮ ስቀርጽ የኖርኩት እኔ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ቃሌን አጽፋለሁ። የከዳኝ ጉበቴ ነው፤ አእምሮዬ ገና ከእኔ ጋር ነው። የሚጠራጠር ካለ ከምስክሮቼ አንዱን፣ ፀጉር አስተካካዩን ጎረቤቴን ይጠይቅ። ትናንት በዳማ አሸንፌው አሁንም እንዳኮረፈ ነው።

ቤቱን ነርሷ ልጄና ሹፌሩ ልጄ እኩል ይካፈሉት። መሸጥ ቢፈልጉ ይሽጡት፤ ግድግዳው ተከትሎኝ አይሄድም። ካሜራዬ ለእኅቴ ልጅ ይሰጥ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ባለሦስት እግሩ መቆሚያም ይጨመርለት። ታናሽ ወንድሜ ከእኔ ምንም አይጠብቅ። ባለቤቴ ታማ ስትተኛ ደጃችንን ያልረገጠ ሰው፣ ዛሬ ደረጃውን ሲመላለስበት እሰማለሁ።

ዋናው ነገር ካሴቱ ነው። ባለቤቴ በየሳምንቱ የምትከታተለው ድራማ ነበር፤ አንድ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ጥላው የሄደች ሚስቱን ሲጠብቅ የሚያሳይ። የካሴት ማጫወቻችን ከቴሌቪዥን መቅዳት ስለማይችል ካሜራዬን ከስክሪኑ ፊት አቁሜ እቀዳላት ነበር። ስለዚህ የቤታችን ድምፅ አብሮ ይገባል፤ የድስት ክዳኑ፣ የልጆቹ ንትርክ፣ የእሷ ሳቅ። ከሞተች በኋላ ካሴቶቹን ደጋግመን ያየነው ለጣቢያው ኃላፊ ብለን አልነበረም።

ሹፌሩ ልጄ ወደ ዲስክ ላስገልብጣቸው ብሎ ወሰዳቸው። የመጣው ዲስክ ጥርት ያለ ነው፤ ድራማው አለ፣ እናቱ የለችም። ሌላውን ድምፅ ሁሉ አስጠፍቶ ካሴቶቹን አስጥሏል። እኅቱ እዚሁ ክፍል ውስጥ «እናቴን ደግመህ ቀበርካት» አለችው። ከዚያ ወዲህ እሱ በፊት ለፊት ሲገባ እሷ በጓሮ ትወጣለች። እኔም ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሲታወሰኝ ያመኛል።

ነገር ግን ልጄ፣ ወንድምሽ ይህን ያደረገው በግዴለሽነት አይደለም። የመጨረሻው ክፍል በታየ ዕለት አንቺ ሆስፒታል ተረኛ ነበርሽ። እናትሽ ቀና ማለት አቅቷት ከካሜራው ኋላ ተኝታ፣ «ሴትየዋ ከባቡሩ ወረደች እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እሱም «እማዬ፣ እባክሽ ዝም በይ፤ ድምፅሽ ይቀዳል» አላት። በዚያው ሳምንት ሞተች። ያንን ካሴት በከፈትን ቁጥር እዚያ ቦታ ሳይደርስ ተነሥቶ ማጫወቻውን ያጠፋው ነበር። አንቺ እንቅልፉ የመጣ ይመስልሽ ነበር፤ እኔ ፊቱን አይ ነበር። ሊያስጠፋ የፈለገው የራሱን ድምፅ ነው፤ የእሷም አብሮ ሄደ።

ያ ካሴት ግን አልተጣለም። ልጄ ከሌሎቹ ጋር የሄደ ቢመስለውም አሮጌው ማጫወቻ ነክሶ አስቀርቶት ኖሮ፣ ባለፈው ክረምት ስፈታው አገኘሁትና ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አየሁት። ለልጄ ልነግረው ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ካሴት የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ተነሥቶ ይሄዳል። ኑዛዜ ሲነበብ ግን ተነሥቶ መሄድ ነውር ነውና ተቀምጦ ይሰማል።

ስለዚህ ካሴቱን ለሹፌሩ ልጄ አውርሼዋለሁ። እኅቱ ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ። ሊያጠፋው ቢፈልግ መብቱ ነው፤ ማንም አይውቀሰው። ግን አስቀድሞ ሳያቋርጥ ይስማው። ልጄ፣ ከአንተ ድምፅ በኋላ ያለውን ሰምተኸው አታውቅም። እኔም ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጬ ስለነበር ያን ዕለት አልሰማሁትም። እናትህ ለራሷ በሹክሹክታ ያለችውን አጠገቧ የነበረው ካሜራ ይዞታል፦ «እውነቱን ነው፣ ዝም ልበል። ሲሻለኝ ከሱ ጋር ደግሜ አየዋለሁ።»

ይህ ቃል ተነብቦልኝ፣ የእኔው መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ስንሰማ የነበርን ምስክሮችም፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ጡረተኛዋ መምህርትና የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ፣ ፈርመናል።

የኑዛዜው ጸሐፊ ማስታወሻ፦ ተናዛዡ ከፈረሙ በኋላ፣ ይህ ጽሑፍ በልጆቻቸው ፊት ሲነበብ የሟች ባለቤታቸው ቃል ላይ ሲደረስ አንባቢው እንዳይቸኩል አዘዋል።