በሠርጌ ላይ ያልሞቱ ሰዎች

ለአባቴ፣ ለመዝጋቢው፤

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አንተ ብትሆን ቀኑንም ሰዓቱንም ጨምረህ ትጽፍ ነበር፤ እኔ ግን ያንተን ያህል ጥንቁቅ አይደለሁምና በዚሁ እለፈኝ። ደግሞም ወሬ ይዤ ቸኩያለሁ። አግብቻለሁ፣ አባዬ። እዚሁ ሮቤ፣ ግቢያችን በተተከለ ድንኳን፣ አንዲት ጥይት ሳትተኮስ ተዳርኩ።

መነጽርህን በሸሚዝህ ጫፍ እየጠረግህ እንዴት ሆነልሽ ስትለኝ ታየኝ። ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርህ።

ቤታችን ደህና ነው። የእማዬ ጉልበት ተሽሏታል፤ የጓሮውን ነጭ ሽንኩርት ዛሬም ማንንም አታስነካም። ወንበርህን ድመቷ ወርሳለች። እማዬ ጣውንቴ የምትላት ሰማያዊ ደብተርህ ግን እኔ ዘንድ ናት።

ቀን ቀን ቀበሌ ተቀምጠህ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስትመዘግብ ትውል ነበር፤ በመንግሥት መዝገብ ያልገባውን ደግሞ በዚያች ደብተር ትጽፍ ነበር። ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ በተተኮሰ ጥይት የሞተ ሰው በመዝገቡ ላይ ወድቆ የሞተ ይሆናል። ተኳሹ አጎት ወይም አማች ነዋ። ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል፣ ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሁሉ አንድ ቃል ይሆናል። አንተም የነገሩህን መጻፍ ግዴታህ ነበር።

በየዓመቱ በእድራችን ጉባኤ ተነሥተህ መተኮስ በእድሩ ደንብ ይከልከል እያልክ ቁጥሩን ታነብ ነበር። በየዓመቱም ትሸነፋለህ። የእማዬ ወንድም ጋሼ ታደሰ፣ ዘመድ በተዳረ ቁጥር ሦስት ጥይት ካላጮኸ ሠርግ የማይመስለው፣ ባጃጅ ስንት ሰው ገደለ፣ እሱንም ከልክላ ይልሃል። አንተ ሌላ ቁጥር ትጨምራለህ፣ ሰዉም ያዛጋል። እውነቱን ልናገርና እኔም አዛግቼ አውቃለሁ።

የዘንድሮው ጉባኤ የዋለው ለሠርጌ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጋሼ ታደሰ ጠመንጃውን መወልወል ጀምሮ ነበር። በደብተርህ ውስጥ አንዲት ሙሽራ አለች፣ ታውቃታለህ። በሠርጌ ቀን ባሌን ትቼ ሰማይ ሰማይ ሳይ ልውል ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ያንተን ቦታ ልይዝ ቆረጥኩ።

አስቀድሜ ስሞቹን ለእማዬ አነበብኩላት። ከጎሮ ወረዳው ሰውዬ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። ያን ሠርግ ራሷ ነበረችበት፤ ሰውዬው ከፈረስ ወድቆ ነው የሞተው፣ በዚያ ቀን የተኮሰም የለም። ተሳስተሃል፣ አባዬ። ያን ሰው እንዳልሰማሁ ሆኜ ልተወው አምሮኝ ነበር፤ ቁጥርህ እንዳይጎድል። ግን ባለጉዳይን ለአንድ ስህተት ከቀበሌ እስከ ቤቱ በእግሩ ስትመልስ የኖርክ የአንተ ልጅ ነኝ።

ጉባኤው ላይ ቁጥር አላነበብኩም፤ ስሞቹን በየተራ ጠራሁ። የሚያዛጋ አልነበረም፣ ከእያንዳንዱ ስም ጋር የሚነቀነቅ ራስ ነበርና። መጨረሻ ላይ አንዱ በስህተት የገባ ነው፣ አባቴ ተሳስቷል ብዬ በፊታቸው ሰረዝኩት።

ጋሼ ታደሰ ተነሣ። ባጃጁ መጣ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሱ ግን እንግዲያው በእሱ ቦታ ሌላ ጻፊ አለኝና የልጅነት ጓደኛውን ስም ጠራ። ሲናና ወረዳ ውስጥ፣ በአንድ ሠርግ ላይ በዘመድ ጥይት የሞተ ነው። ከጣሪያ ወደቀ ብሎ ለአንተ ምስክርነት የፈረመው ራሱ ጋሼ ታደሰ ነበር። አማቼን ዋሽቼዋለሁ ብሎ አለቀሰ። ጻፍኩት። ቁጥሩ አንተ ስታነበው ወደነበረው ተመለሰ፤ አሁን ግን ልክ ነው። ሊቀ መንበሩ ሐጂ አማን አልሐምዱሊላህ ብለው እጅ አስወጡ፣ ደንቡም ጸደቀ።

ሠርጉን ብታየው! የሲናና ፈረሰኞች አጅበውኝ፣ ጎረቤቱ አንዱን ዘፈን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ሲጨርስ ዋለ። ጋሼ ታደሰ እጁ ባዶ መሆኑ ቢጨንቀው እንደ ልጅነቱ የቡሄ ጅራፍ ገምዶ መጣ። የመጀመሪያው ጩኸት የራሱን ባርኔጣ አሽቀነጠረው። እማዬ ስቃ ስቃ መሬት ተቀመጠች። አጥር ላይ ተንጠልጥለው የነበሩ ልጆች ሁሉ በእግራቸው ወርደው ወጥ ጨረሱብን።

አንድ ጊዜ እንዲህ ብለኸኝ ነበር፤ ደንቡ ቢጸድቅ እንኳ የዳነውን ሰው ማንም አይመዘግበውም፣ ዳንኩ ብሎ የሚመጣ የለምና። ይህ ያሳዝንህ ነበር። ስለዚህ ደብተርህን ከኋላ ገልብጬ አዲስ ዝርዝር ጀመርኩ። በሠርጌ የነበሩትን ሁሉ፣ ከፈረሰኞቹ እስከ አጥሩ ልጆች፣ ስማቸውን እየጠየቅሁ ጻፍኩ። መጀመሪያ የጋሼ ታደሰን። በምጠራበት ሠርግ ሁሉ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ አንተን የማስታውሰው በዚህ ነው።

ከፊት ያለው ያንተ ዝርዝር ደንቡ ከጸደቀ ወዲህ ከቆመበት አልተነቃነቀም። የእኔ ግን ከወዲሁ ገጽ አልበቃው ብሏል፣ አባዬ።

ልጅህ