ቀዝቃዛ የሚነፋው ሂተር

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ደሜ ፈልቷል። ሳምንቱን ሙሉ ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ሲነፋብን ከረመ። ልጄ ሲያስል ያድራል፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ ወደ አከራዩ ቢሮ እየደወልኩ "ሕፃን አለኝ እኮ! ሰው አይደለንም?" እያልኩ ስጮህ ሰነበትኩ።

ዛሬ በመጨረሻ ሠራተኛ ላኩልኝ። ማሽኑን ቼክ ቢያደርግ ምንም አላገኘበትም። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የአየር መሳቢያ ሽፋን አነሳና እጁን ሰዶ ጋቢ ጎትቶ አወጣ። የአማቴን ጋቢ! ማሽኑ አየር መሳብ ሲያቅተው ከመጠን በላይ ይግልና እሳቱን ያጠፋል፣ ማራገቢያው ግን መንፋቱን አያቆምም አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እማማ፣ እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው አማቴን፣ ሰውዬው ሲወጣ።

"አዎ፤ ንፋስ ይገባበታል። ልጁን እንዳይመታው ብዬ ወተፍኩት" አሉኝ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

ለልጄ ብለው ነው። በእሳቸው አልፈርድም።

ባሌ ግን! ከሥራ ሲገባ ብነግረው ሳቀ። "ስትወትፈው አይቻት ነበር። ከሱ ይሆናል ብዬም ጠርጥሬ ነበር። ግን እናቴን ምን ልበላት?" አለኝ። እኔ ስልክ ላይ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስጮህ እኮ አጠገቤ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣ ነበር! የእናቱ ቅያሜ ከልጁ ሳል በለጠበት።

አሁን ቤቱ ሞቋል። እኔ ግን አልበረደልኝም። ጋቢውን አላጠብኩትም። ዛሬ ባሌ ሶፋው ላይ ከነአቧራው ለብሶት ይተኛ።