ብረቱ ማርስ የደረሰ ዕለት

ይድረስ ለይበልጣል፣ ለአካሌ፦

ከተለያየን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እንዴት ነህ አልልህም፤ አንተ አርፈሃል፣ የሚጠየቀው እዚህ የቀረው ነው። እኔ አለሁ፤ ይኼም መኖር ከተባለ።

መቃብርህ ድረስ መጥቼ ብነግርህ ይሻለኝ ነበር። ግን ፍልሰታ ነው፤ ቅጽሩ ሱባዔ በገባ ሰው ተሞልቷል። አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ስታወራ ካዩ ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ይገባል፤ የሰው አፍ ደግሞ አንገፍግፎኛል። ስለዚህ እየሳቅህም ቢሆን አንብበው። "ፊደልሽን ዶሮ ጭራው የሄደች ይመስላል" ትለኝ አልነበር? ዶሮዋ ያቺው ናት፣ አልተማረችም።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዙሪያውን መዞር ነው። ሙሉቀን አንተ ዘንድ መጥቷል?

ልጃችን የሄደው ተዝካርህ በወጣ በዓመቱ ነው። ምነው ዝም አልሽው እንዳትለኝ፤ ጡቴን ይዤ ለምኜዋለሁ። ዲፕሎማውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ጫማው አለቀ፣ ከዚያ ትዕግሥቱ አለቀ። ጓደኞቹ ሲነሡ አብሯቸው ተነሣ። በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ፤ ካርቱም ጥቂት ወር ሠርቶ አንድ ቀን ደወለ። "እማዬ፣ ነገ ወደ ሊቢያ በረሃውን ልንጀምር ነው፣ ስልኬ ለጥቂት ቀን ባይሠራ እንዳትደነግጪ" አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። ይኸው አልደነገጥኩም ብዬ ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አለፈ።

ሞተ ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለም። አብረውት ከወጡት ልጆች እናቶች አንደኛዋ መርዶዋ ተነገራት፣ አለቀሰች፣ ሰው አስተዛዘናት፤ ዛሬ ገበያ ትወጣለች። እኔ በእሷ ስቀና ራሴን ያዝኩት። ለቆመ ልጅ ቢያለቅሱ ሟርት፣ ለሞተ ልጅ ባያለቅሱ ነውር። ሆዴ ውስጥ የታመቀው ወዴት እንደሚሄድ አንተ ንገረኝ። ምናልባት ቢደውል ብዬ ስልኬን ቤተ ክርስቲያን እንኳ አብርቼ እገባና ቄሱ በዓይናቸው ይገርፉኛል።

መጠበቅ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የጭነት መኪናውን ይዘህ አባይን ስትወርድ፣ ስልክ በሌለበት ዘመን፣ ከተማው መግቢያ ላይ ጡሩንባህን እስክትነፋ ድረስ እህል ከአፌ አይገባም ነበር። ጡሩንባው ሲሰማ ሙሉቀን አንድ እግሩ ላይ ብቻ ጫማ አድርጎ ይሮጣል፣ እኔ "ቀስ በል አንተ ልጅ!" እያልኩ እከተለዋለሁ። ስትወርድ ከፀጉርህ እስከ ጥፍርህ አቧራ ነበርክ። ሁለታችሁን አንድ ገንዳ ውስጥ ባጥባችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ደግ ዘመን ነበር፤ ያኔ ግን ማጉረምረም እንጂ ማመስገን አላወቅሁበትም።

እንግዲህ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮው ጉድ ከሰማይ መጣ። አንተ ካረፍክ በኋላ ሰርቪስ ቤቷን ለመምህር ደሳለኝ አከራይቻታለሁ፤ ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥፋቱ አንድ ነው፤ ሰማይ ይወዳል። ክረምቱን ሙሉ ማርስ፣ ማርስ ሲል ከረመ። ፈረንጆች ስድስት ጎማ ያላት፣ ሾፌር የሌላት መኪና ወደ ሌላ ዓለም ልከው፣ ስንት ወር በጠፈር ተጉዛ ልታርፍ ነው እያለ ለአገር ምድሩ አወራ። ሾፌር የሌላት ሲል ብቻዬን ሳቅሁ። አንተ ብትኖር "ታዲያ ማን ነው በየመንገዱ እየቆመ ሻይ የሚጠጣው?" ትለው ነበር።

ከተማው ግን አበደ። መናኸሪያው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ ወሬው ሁሉ ማርስ ሆነ። ከይጁቤ ጤፍ ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ "እዚያ ዝናብ አለ ወይ?" ብለው ጠየቁ አሉ። የለም ሲሏቸው "ታዲያ ምን ሊያርሱ ሄዱ!" ብለው አህያቸውን ነዱ። ሕፃናቱ ከቆርቆሮና ከቆርኪ ስድስት ጎማ እየሠሩ ደጃፌ ላይ ጭቃ ለጭቃ ይጎትታሉ። እኔ አንዱም አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልፈለግሁ። የራሴ ጠፈር ይበቃኝ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ኪዳን አድርሼ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። የግቢዬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገባ ስል ግቢው ሰው ነው። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ የእድራችን ዳኛም አሉበት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሰርቪሷ በር አዙረው ማንም ትንፍሽ አይልም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። የእናትህን የነገርንህ ዕለት በር ላይ ከቆሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። ማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ነው፣ ዝም ተብሎ ነው። ምን ልጠይቅ? "ልጄን!" ብዬ የጮህኩት ጩኸት ከኔ የወጣ አልመሰለኝም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ ጭቃው ላይ ወደቅሁ።

ለካ ሰዎቹ ቴሌቪዥን ሊያዩ የመጡ ናቸው! ክፍሏ ስለማትበቃቸው ደሳለኝ ቴሌቪዥኑን ደጃፉ ላይ አውጥቶላቸዋል። ዝም ያሉትም መኪናዋ የምትወርድባት ሰዓት ደርሳ፣ ድምፅዋ እስኪሰማ እየጠበቁ ነው። ደግሞ ነግሮኝ ነበር እኮ፤ "እትዬ ብርቄ፣ ነገ ጠዋት ጥቂት ሰዎች ይመጡብናል" ብሎኝ "ይምጡ" ብየዋለሁ። ሐሳቤ የት እንደሚውል ታውቃለህ፤ አንዱን ጆሮዬን ለቤቱ አንዱን ለበረሃው ከሰጠሁ ቆየሁ።

እኔ ጭቃው ላይ ስንከባለል ከቴሌቪዥኑ ጭብጨባ ፈነዳ። ፈረንጆቹ ናቸው። ደሳለኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር ምንም ሳያውቅ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ "ደረሰ! ደረሰ!" እያለ ዘለለ። እኔ ያቺን ቃል ሰማሁ። ቀና አልኩ። ይበልጣል፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ሙሉቀን ነው የደረሰው ብዬ አመንኩ። በበሩ በኩል ፈለግሁት። ከዚያ የደሳለኝን ፊት አየሁ፤ ደም የሚባል አልቀረበትም ነበር።

ሴቶቹ "ኧረ ልጅሽ ምንም አልሆነ! ኧረ ሌላ ነው!" እያሉ ያዙኝ። ግን ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ከየአቅጣጫው እየጮኸ ገባ፤ ምንነቱን ሳይጠይቅ "ሙሉቀኔን! ሸጋውን!" እያለ አለቀሰ። እነሱ ሲያለቅሱ እኔን ማን ያቁመኝ? ውሸት መሆኑን እያወቅሁ አለቀስኩ። የእድሩ ዳኛ "እረፊ፣ ሟርት ነው!" ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። ሁለት ዓመት የታመቀውን አንጀቴ ባዶ እስኪሆን ድረስ አወጣሁት።

ከዚያ ለማንም ያልተነገረ፣ ላንተ ብቻ የሚነገር ነገር ሆነ። ተኛሁ። በጠራራው ቀን፣ ስልኬን ሳላይ፣ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ስነቃ ቀለለኝ። ልጄን ቀብሬ የተመለስኩ ያህል ቀለለኝ፤ ራሴን ፈራሁት። ምን ዓይነት እናት ነች በዚህ የሚቀልላት?

ደሳለኝ በማግስቱ ዓይኑ አብጦ መጣ። ቤት ልቀቅልሽ አለ። ወዴት ነው የምትለቀው፣ ተቀመጥ ብዬ ቴሌቪዥኑን እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት። ደጋግመው ያሳዩ ስለነበር አየኋቸው። ትልልቅ ሰዎች፣ ሽበት ያላቸው፣ ስንት የተማሩ ሰዎች የአንዲት ብረት ድምፅ ሲሰሙ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። እሰይ፣ ደግ አደረጉ፤ የላኩት ነገር ነው፣ ያሳሳል። አልቀናሁም ብልህ ግን ውሸት ነው። እንዲያ አድርጎ አንድ ሰው አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ "ድምፁ ተሰማ!" ቢለኝ ብዬ ከልቤ ቀናሁ።

ቀጥሎ መኪናዋ ያነሣችውን ፎቶ አሳየኝ። አሸዋና ጠጠር ነው። ማንም የለበትም፣ ሣር እንኳ የለበትም። ጠጋ ብዬ አየሁት። ምን እንደምፈልግ ደሳለኝ ሲጠይቀኝ ነው የገባኝ፤ የሰው ዱካ ነበር የምፈልገው። "ደሳለኝ፣ በፈጠረህ፣ ይህን ዓይናቸውን ወደ ሊቢያ በረሃ ያዙሩልኝ ብለህ ጻፍላቸው፤ እሱማ ቅርብ አይደለም ወይ?" አልኩት። ዕብደት መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንተ እዚያ ሆነህ አትፍረድብኝ፤ የቸገረው ምን አይጠይቅም?

ወንድምህ ልየው ወሬው ከሚኖርበት ከአምበር ድረስ ደርሶት በሳምንቱ መጣ። አልተቆጣኝም፣ ያ ነው የባሰብኝ። "ብርቄ፣ ከተለቀሰ ወዲያ ምን ቀረ? ነፍሱ በከንቱ አትንከራተት። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ፍትሐቱን እናስደርግለት፣ አንቺም ከል ልበሽና ይውጣልሽ" አለኝ። ክፋት የለውም፣ ለእሱም የወንድሙ ልጅ ነው። ሰዉም ተስማማ። አሁን ገበያ ላይ ሲያገኙኝ "እንደምን አደርሽ" ለማለት ጀምረው "እግዜር ያጥናሽ" ብለው ይጨርሳሉ። አንዷማ ከንፈሯን መጥጣ እጄን ያዘችኝ፤ መነጨቅኋት።

እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ልለው ነበር። ያቺ እንቅልፍ ጣፍጣኝ ነበር። አንድ ድንኳን፣ ሦስት ቀን ለቅሶ፣ ከዚያ በቃ፤ ስልክ መጠበቅ የለ፣ መንገድ ማየት የለ። እንደ ሌላው ኀዘንተኛ ሰው ያጽናናኛል፣ እኔም እጽናናለሁ። ስንቴ አንተን "ንገረኝ፣ አንድ ምልክት ስጠኝ፣ በሕልሜ እንኳ አብራችሁ ቁሙልኝ" ብዬ ለመንኩህ። አንተ ደግሞ በሕይወትህም ስትጠየቅ ዝም ማለት ትወድ ነበር።

ትናንት ልየው ይዞኝ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድን። ስለ ፍትሐቱ ነው የሄድነው። አባ ነገሩን ሁሉ ሰሙና ወደ ልየው ሳይሆን ወደኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እኔ ስሙን ለመጥራት አላጣሁም። ግን ከማን ጋር ልጥራው? ከሕያዋን ነው ከሙታን? እናቱ አንቺ ነሽ" አሉኝ። ልየው አንገቱን ደፋ። "ከሕያዋን ይጥሩልኝ፣ አባ" አልኩ።

እርግጠኛ ሆኜ እንዳይመስልህ። ይበልጣል፣ ተስፋ እንኳ አልነበረኝም። ግን ሞተ ካልኩ በዓለም ላይ እሱን የሚጠብቅ አንድ ሰው አይቀርም። ወንድምህ ከል ይለብሳል፣ ጓደኞቹ ይረሱታል፤ እኔም ከተውኩት ማን ቀረው? ያ እንቅልፍ ይቅርብኝ። ስልኬን እያበራሁ አሮጊት እሆናለሁ። ልየው ተቆጥቶ ሳይሰናበተኝ ወደ አምበር ተመለሰ፤ ይመለስ።

አንተን አልረሳህም፤ ዓመትህ ሲመጣ ስምህን ከሙታን አስጠራለሁ፣ ባጣ ባጣ ቆሎ ይዤም ቢሆን እዘክርሃለሁ። እሱን ከሕያዋን አስጠራለሁ፤ አንደበቴ እስኪዘጋ ይኼው ነው ቃሌ። ምልክት ያልኩህንም ተወው፤ በሕልሜም አትምጣብኝ። ምናልባት ልጃችን አጠገብህ ተቀምጦ ከሆነ፣ አቧራውን አራግፍለት፣ ውኃ ስጠው። አባ ስሙን ከሕያዋን ጋር ሲጠሩት ስትሰሙ ግን፣ ስለ እኔ ብላችሁ፣ ሁለታችሁም ዝም በሉ።

ያንተው ብርቄ