የግራ እግሩ ወደ ውጭ የወጣው ሰ

አባዬ፣

ከተለየኸን አራተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ሰው ፊት «እርስዎ»፣ ቤት ውስጥ «አንተ» ነበር የምልህ። ይህንንም በቤታችን ወግ ልጻፍልህ።

ሮቤ ያው ናት። የኦቦ ከድር ሱቅ ታፔላ ቀለሙ ፀሐይ ቢበላውም አንተ ያቆምከው ፊደል ንቅንቅ አላለም። አዲስ ልሥራልዎት ብላቸው፣ የሞተ ሰው እጅ አይፈርስም ብለው እምቢ አሉኝ። ሥራህን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲባጎውን ኖራ ነክረን፣ አንተ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ወጥረን የምናሰምረውን መስመር አሁን ብቻዬን አሰምራለሁ። አንዱን ጫፍ ምስማር ላይ አስራለሁ፤ ምስማር ደግሞ እንዳንተ ከፍ አድርጊ፣ ዝቅ አድርጊ አይልም። ስንት ጊዜ ጠሞብኝ ደመሰስኩት መሰለህ።

ሰሞኑን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው ለጎልማሶቹ ክፍል ፖስተር አዘዘኝ። ወረቀቱ መሐል አንድ ትልቅ ሰ አቆምኩ፤ ከጎኑ አንድ ገበሬ ሣልኩ። ከሰውዬው ራስ ወደ ፊደሉ ራስ፣ ከትከሻው ወደ ትከሻው፣ ከእግሩ ወደ እግሩ ቀጭን መስመር ይሄዳል። ፊደል እንደ ሰው ነው፣ አስቀድመሽ እግሩን አቁሚው ያልከኝን ነው የሣልኩት። ፊደል አየር ይፈልጋል ትል ስለነበር ዙሪያውን ባዶ ተውኩት። ሁሉም አማረልኝ፤ የግራ እግሩ ላይ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለ። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ።

ለምን እንደሆነ ከአንተ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በግራ እጄ ስለምጽፍ የፊደሎቼ የግራ እግር ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ይሄ ሰ ቤቱን ጥሎ ሊኮበልል ነው እያልክ ትስቅብኝ ነበር፤ ስሜንም ትተህ «ግራ እጄ» ትለኝ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የክፍሌ ልጆች ከየቤታቸው ተለቅመው በተወሰዱ በሳምንቱ፣ ሳላማክርህ በአንተ ብሩሽ «የተወሰዱት ልጆች የት አሉ?» ብዬ ጽፌ ገበያው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ቀለሙን በደንብ መርጬ፣ እግሩን ረሳሁት።

ከተማው ውስጥ ብሩሽ የሚይዝ ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ያንኑ ቃል ጻፉ ተባልን። ከኋላህ ተሰልፌ ተራዬን ስጠብቅ ትዝ ይለኛል። አንተ ወረቀቱን ሳብ አድርገህ፣ በቀኝ እጅህ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀጥ አድርገህ የጻፍከውን ፊደል የግራ እግሩን ወደ ውጭ አወጣኸው። «ሰ»ውም «አ»ውም ልክ እንደ እኔ። ያስጠራን ካድሬ ከግድግዳ የተገነጠለውን ወረቀት አጠገቡ አድርጎ አየና ክንድህን ያዘ። ልጄ ቀለም ትበጠብጥልኛለች እንጂ በብሩሽ መጻፍ ገና አታውቅም አልካቸው። ዞረህ እንኳ አላየኸኝም።

ጎባ ስምንት ወር አስረው ሲለቁህ ሳልህን ይዘህ መጣህ፤ ሳሉም ወሰደህ። እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። ፈሪ ነበርኩ አባዬ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

እማዬ እስካሁን ታኮርፍህ ነበር። በስተርጅና እንደ ጎረምሳ ወረቀት ለጥፎ ቤቱን በተነው ትላለች፤ እኔ አቀርቅሬ እሰማለሁ። እሷም አሁን ከጎልማሶቹ ጋር ፊደል ልትቆጥር ተመዝግባለች። ያ ፖስተር የሚሰቀለው እሷ ፊት ነው። ሦስተኛው ወረቀት ሲበላሽብኝ ጠራኋትና ካርቶን ላይ ሁለት ሰ ጻፍኩላት፤ አንዱን በአንተ እጅ፣ አንዱን በራሴ። የእኔኛውን እያሳየኋት ገበያው ላይ የነበረው ይሄኛው ነው አልኳት። ማንበብ አትችልም፤ እግሩን ግን አየች። ጣቷን በአንተኛው ላይ አስኬደች፣ ቀጥላ በእኔኛው ላይ፣ ቀጥላ ቀለም የነካውን ግራ እጄን አየች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወጣች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ስትሰጠኝ የኖርከውን ከለላ በሚያፈርስ መልክ ፖስተሩን አልጽፈውም። ካድሬው ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ ከመሰቀሉ በፊት ያየዋል። አንተ የሸሸግከኝን እኔ ብገልጠው ስምንት ወርህ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ እግሩ ቀጥ ይበል፣ የአንተ ይሁን አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አራተኛውን ወረቀት ዘርግቼ ሲባጎውን ምስማሩ ላይ ሳስር እማዬ ገባች። ቋጠሮውን ፈታች፣ ጫፉን ይዛ ተቀመጠች፣ ወጠረችው። ከዚያ አንተ ሁልጊዜ ትለኝ እንደነበረው፣ ከፍ አድርጊ አለችኝ።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሲባጎውን በወጠርን ቁጥር ስምህን እናነሳለን አባዬ፤ ከእንግዲህ እሷም አታኮርፍህም፣ እኔም አላቀረቅርም።

ግራ እጅህ