የእናትሽ የድመት ናና

ልጄ፣ ያለሽበት አገር እንደ ወላጅ ይያዝሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ፤ አሁንም ጫማዬን ራሴ አስራለሁ፣ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ተሸክሜ ደረጃውን እወጣለሁ።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ነፍሷን ይማርና እናትሽ መስኮቱ ሥር ተክላ አደራ ያለችኝ፣ ድመት የሚንከባለልበት ያ ናና ቢጫ ሆነብኝ። ዝናብ ስለጠፋ ጠማው ብዬ ጠዋት ማታ አጠጣሁት። ጎረቤታችን አትክልተኛዋ ሥሩን ጫር ጫር አደረገችና፣ «አባባ፣ ይሄ ድርቅ የሚችል ተክል ነው። በውሃ የሚገድሉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

«ልጅ ያሳደግኩ ሰው ቅጠል ያቅተኛል ወይ?» ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ግን እስከ ሥሩ አጨደችው፣ አፈሩን በአሸዋ ደባለቀችና «እንግዲህ እጅዎን ይሰብስቡ» ብላኝ ሄደች።

እናትሽ ዳግም የሞተችብኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። ከፀጉር አስተካካዩ ተውሼ የማጠጣበትን ባልዲ ከራሴ ደበቅሁት። ትናንት ግን ጥፍር የማታህል አመድማ ቅጠል ብቅ ብላለች። እስክትጠና ግን አላምናትም።

እባክሽ አንቺም ሞግዚት ልቅጠርልህ ማለቱን ተይልኝ። መንገድሽ ይቅና፣ እጅሽ ይባረክ። ስለ ዕዳዬም አታስቢ፣ ራሴ እከፍላለሁ፤ ለአትክልተኛዋ ይቅርታ፣ ለፀጉር አስተካካዩ የተዋስኩትን ባልዲ፣ ናናው ላይ ልትንከባለል መጥታ በጫማ ላባረርኳት ድመት አንድ ዘለላ ቅጠል፣ ለእናትሽ ደግሞ አደራዋን።

አባትሽ