ሦስተኛዋ ጅማት

አባዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን እንዳልል፣ አንተ ካለህበት የሚበልጥ ሰላም የለም ይላሉ ቄሱ። ስለዚህ ሰላምታውን ለራሴ አስቀርቼ ወደ ነገሬ ልግባ። ከተለየኸን ዓመት ከሃያ ቀን ሆነ።

እህትህ እታለም የምጽፈውን ቢያውቁ፣ ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ነፍስ ማወክ ነው ብለው ጣራውን ያነሱት ነበር። መዝሙረ ዳዊት እየገለበጥኩ ነው አልኳቸው። ፊደል ስለማይለዩ አመኑኝ። ቅድም በአጠገቤ ሲያልፉ እንዲያውም ጎንበስ ብለው ይህንኑ ወረቀት ተሳለሙት። ሳያውቁት ስመውሃልና ደስ ይበልህ።

የቤቱን ልንገርህ። ወደ ሱዳን የሚያየው ግድግዳ በሐምሌ ዝናብ ተናደና ጎረቤታችን አያ ገብሩ መረጉልን። ሲመርጉም «የጎጃም ጭቃ ቢሆን ይሄኔ ድንጋይ ሆኖ ነበር» እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃችንን ሲሰድቡ ዋሉ። ጣሊያኖቹ ዛሬም በካሚዮን ወደ ጎንደርና ወደ መተማ ይመላለሳሉ። አያ ገብሩ ጣሊያን ለመጪው አዝመራ አይደርስም ብለውህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው አዝመራ ሊደርስ ነው። ብጠይቃቸው ማሽላው ነው የቸኮለው አሉኝ። ነጩ ውሻህ በራችን ላይ መተኛቱን ትቶ ወደ ሐጅ ኢድሪስ ሱቅ ደጅ ተዛውሯል፤ እዚያ አጥንት አይጠፋም። አልፈረድኩበትም። እኔና እታለም ግን አሁንም በአንድ ገበታ ነው የምንበላ። ሁለታችንም በየፊታችን እንቆርሳለን፤ በአንተ በኩል ያለው እንጀራ ሳይነካ ይነሳል። አንድም ቀን ስለዚህ ተነጋግረን አናውቅም።

የክራርህን ነገር ሳልዋሽ ልንገርህ።

በተቀበርክ ማግስት እታለም ክራሩን ከግድግዳ አውርደው ስድስቱንም ጅማት ፈትተው አላሉት። ሐዘን ቤት የተወጠረ ክራር አይሰቀልም፣ ዓመቱ ሳይሞላ የነካችው እጅ እጅ አይደለችም አሉ። እኔ ውሃ ወርጄ ነበር። ስመለስ ጅማቶቹ እንደ ከሳ ከብት ቆዳ ተንጠልጥለው አገኘኋቸው። እሳቸው ወጉን ነው የጠበቁ፤ ይህን አውቃለሁ። ግን የፈቱት አንተ በመጨረሻ በእጅህ ያኖርከውን ቅኝት ነበር፤ ያን ቅኝት ደግሞ ካንተ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። አያ ገብሩ ትዝታም አይደል፣ ባቲም አይደል፣ ምንድን ነው ይሄ እያሉ ሲነታረኩህ፣ የመንገድ ቅኝት ነው ብለህ ትስቅባቸው ነበር። በእሱ የምትጫወተው ደግሞ ከጎጃም ስትወርድ አብራህ የወረደችውን አንዲቷን ዘፈን ነበር፦

ቆላ ወረደ አሉ፣ እውነት ነው ወርጃለሁ፤
ልቤን ግን ደጋ ላይ ሰቅዬው መጥቻለሁ።

ያን ዕለት አንድ ነገር ወሰንኩ። ዓመቱ እስኪሞላ ጣቶቼን አስተምራለሁ፤ ሐዘኑ ሲወጣ በበራችን ላይ የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ያች ዘፈን ትሆናለች፤ እሷም ልክ እንደ አንተ አድርጌ። እንደ አንተ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው አልኩ።

የላላ ጅማት አይጮህም። ስለዚህ ድምፅ አላሰማሁም ብዬ ብምል በሐሰት አልማልኩም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ክራሩን ከእታለም ደብቄ በነጠላ ጠቅልዬ ወፍ ወደምጠብቅበት ማማ አወጣው ጀመር። ከማሽላው በላይ አራት እንጨት ላይ ተሰቅዬ፣ በአንድ በኩል ወንጭፌን፣ በአንድ በኩል ክራርህን ይዤ እውላለሁ። ግራ እጅህ እንዴት ከኋላ እየገባ የማይፈለገውን ጅማት እንደሚያፍን አስታውሳለሁ። የመጀመሪያይቱን ክፈቺ፣ አራተኛይቱን ዝጊ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ምቺ እላለሁ ለራሴ። ጣት ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። ግሪሳው እንደ ደመና መጥቶ ማሽላው ላይ ሲወርድ ወንጭፌን እወረውራለሁ፤ ከዚያ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

አንድ ቀን አያ ገብሩ ከእርሻቸው ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ከሩቅ ክራር አይለይም፤ የታያቸው አንገቴ ተደፍቶ ጣቶቼ ሲንቀሳቀሱ ነው። ልጅቱ ማማ ላይ መቁጠሪያ ትቆጥራለች ብለው ለእታለም ነገሩ። እታለም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም አወሩ። አንድ ሰሞን ሴቱ ሁሉ በጸሎትሽ አስቢን ይለኝ ጀመር። አንዷማ ፍየሌ ጠፍታብኛለች ብላ ስትለምነኝ ምን ላድርግ፣ እሺ አልኳት። ፍየሏ በማግስቱ ተገኘች። ከዚያ ወዲያ መንገድ ለመንገድ መሄድ አልቻልኩም፤ የታመመ ልጅ ሁሉ እያመጡ ግንባሩን ንኪልን ይሉኛል። አንተ ብትኖር ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። የሚስቅልኝ አጥቼ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ብቻን መሳቅ ግን ቶሎ ያልቃል።

ያኔ ጆሮዬ ውስጥ ትዘፍን የነበርከው አንተ ነበርክ፣ አባዬ። በጥቅምት አንተን እየሰማሁ ነበር የምመታው። አዝመራው ገብቶ ማማው ሲፈርስ ከጥጡ ክምር ኋላ እየተደበቅኩ ቀጠልኩ፤ ያኔም አልፎ አልፎ ትመጣልኝ ነበር። በመጋቢት አንድ ቀን ግን ጣቶቼ ዘፈኗን ከዳር እስከ ዳር ጨርሰው ሲያበቁ፣ አንዲት ቃል እንኳ ካንተ እንዳልሰማሁ አወቅኩ። ጣቶቼ ደርሰዋል፤ አንተ አልመጣህም። ሳልህን አስታውሳለሁ፣ ውሻውን ስትጠራ የምታፏጨውን አስታውሳለሁ። ድምፅህን ፈልጌ አጣሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ለማን እናገራለሁ?

ግንቦት ላይ አንድ የጣሊያን ካሚዮን ከጥጡ እርሻ አጠገብ ተሰበረ። ነጂው መለዋወጫ እስኪመጣለት ሁለት ቀን ከጥላው ሥር ተቀመጠ፤ ጊታር የሚሉት መሣሪያ ነበረው። ሽማግሌዎቹ ከሩቅ አይተው ብይን ሰጡ። አያ ገብሩ አንገት ያበቀለ ክራር ነው አሉ። ሐጅ ኢድሪስ የለም፣ ሆዱ የተነፋ የዓረብ ዑድ ነው አሉ። በዚህ ቡናው ተጠጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ተጣሉ። እኔ ከደረቀው የጥጥ አገዳ መካከል ሆኜ የማየው ጣቱን ነበር። ስድስት ጅማት አለው፣ እንደኛው። መጫወት ሳይጀምር ግን አንዱን ጅማት ይመታና በጉሮሮው እንደ ንብ ያጉተመትማል፤ ከዚያ ጅማቱን እስከ ጉሮሮው ድረስ ያጠብቀዋል። አንተም እንዲህ ታደርግ ነበር። የኔ ነገር ምን እንደጎደለው ያን ጊዜ ገባኝ። ክራር የሚቃኘው በጉሮሮ ነው፤ ጉሮሮው ደግሞ ከአፈር በታች ነው። ሰውየው ሲጫወት ፊቱ አገሩን የናፈቀ ሰው ፊት ነበር። ይህን ላንተ ብቻ ነው የምናገር፤ አያ ገብሩ ቢሰሙ ለጠላት አዘነች ብለው እኔን ከነነጠላዬ ወንዝ ያሻግሩኛል።

ሙት ዓመትህ ደረሰ፣ ቄሶቹም ፈቱህ፣ ሕዝቡም በልቶ መረቀህ። እታለም ክራሩን ራሳቸው አውርደው ያለ አንድ ቃል ጭኔ ላይ አኖሩት። ነጠላውን ስገልጠው አይጥ ሦስተኛዋን ጅማት በልታታለች። አምስቱ ግን አልረሱህም፣ አባዬ። አንተ እንጨቱ ላይ ጨርቅ አድርገህ በጠመጠምክበት በኩል እያንዳንዱ ጅማት እጥፋት ይዞ ቀርቷል። እጥፋቱን ከእንጨቱ ጭረት ጋር እያገጣጠምኩ አንድ በአንድ ወጠርኳቸው። አምስቱም እንደ ድሮው ሆኑ።

ለሦስተኛዋ፣ ለሙት ዓመትህ ከታረደው ፍየል አንጀት ወስጄ፣ አጥቤና ፈትዬ ጥላ ላይ አደረቅኩ። ያች አዲስ ጅማት ግን ያንተን ጣት አታውቅም፤ እጥፋትም የላት። ትንሽ ሳጠብቃት ዘፈኗ ሰርግ ትሄዳለች። ትንሽ ሳላላት ለቅሶ ቤት ትገባለች። ያን ጊዜ ነው ያላሰብኩት ነገር የገጠመኝ፤ ያች ዘፈን የደስታ ትሁን የሐዘን አላውቅም። ልጅ ሆኜ ስሰማት ደስ ይለኝ ስለነበር የደስታ መሰለችኝ። ከሞትክ ወዲህ ሳስባት ደግሞ ሁሉ ነገር እንባ ነው። አንተ ግን በየትኛው ነበር የምትዘፍናት?

ትልልቅ ሰው ይጠየቃል ብዬ ጠየቅኩ። አያ ገብሩ፣ የደስታ ናት፣ ጎጃሜ መንገድ ሲወጣ ይዘፍናል እንጂ አያለቅስም አሉ። እሳቸው ከጎጃም ሲወርዱ እስከ ጭልጋ ድረስ ሲያለቅሱ እንደመጡ አንተ ነግረኸኝ ነበር። ሐጅ ኢድሪስ ደረታቸውን መትተው፣ ወላሂ የሐዘን ናት፣ አባትሽ ከደጄ ተቀምጦ ሲመታት ሱዳን፣ ከሰላ ያሉት እናቴ ትዝ ብለውኝ ዘይት ለሚለኝ ሰው ሽንኩርት እሰጥ ነበር አሉ። እታለምን ብጠይቅ፣ ሲዖል የምታስገባ ናት፣ ሌላውን አላውቅም ብለው ማሽላቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጃችን ተቀመጡ። እታለም ጀርባቸውን ሰጥተውን መድረኩ ላይ ማሽላ ይለቅማሉ። ሌላ መላ ስላጣሁ ሦስተኛዋን ጅማት በጣቴ አፍኜ በአምስቱ ብቻ ጀመርኩ። «ልቤን ግን ደጋ ላይ» አልኩና «ሰቅዬው» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ጅማቷ ያለችበት ቦታ ባዶ ሆነ። እኔም ዝም አልኩ። አያ ገብሩ ባዶ ነገር አይችሉም፤ ከላይ አድርገው «ሰቅዬው» ብለው ሞሉት። ሐጅ ኢድሪስ፣ አይደለም አያ ገብሩ፣ እንዲህ ነው ብለው ከታች አወረዱት። እርስዎ ምን አግብቶዎት ሐጅ፣ ዘፈኑ የኛ አገር ነው። ዘፈኑ የናንተ ይሁን፣ ሟቹ ወዳጄ ነው። እንደገና መታሁላቸው፤ እንደገና አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ለመንገደኛ እብዶች ነበር የምንመስል። ሦስተኛ ጊዜ ስደርስ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

እታለም ነበሩ። አልዞሩም፤ እጃቸውም ከማሽላው አልተነሳም። ያችን አንዲት ቃል ብቻ አወጧት። ከአያ ገብሩ ዝቅ፣ ከሐጅ ኢድሪስ ከፍ ትላለች፤ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ትሰነጠቃለች። ከዚያ እታለም፣ ለሰፌዱ የሚናገሩ ይመስል፣ ጥጥ ስፈትል የማንጎራጉራት የኔ ናት አሉ። ወንድሜ ቃሉን ለውጦ፣ ሰርቆኝ ነው መንገድ የወጣ። ጎጃም፣ ደብረ ወርቅ ተቀምጬ ስንት ዘመን ዘፈኔን ይዞብኝ ሄደ ብያለሁ።

አባዬ፣ ይህን ለምን ደበቅከኝ? እኔ ሰይጣን ብለው የሚጠሉት ክራሩን ይመስለኝ ነበር። በተቀበርክ ማግስት ያን ቅኝት በገዛ እጃቸው ሲያላሉ፣ የላላው ቅኝት የማን እንደሆነ እሳቸው ያውቁ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ሦስተኛዋን ጅማት በእታለም ጉሮሮ ቃኘኋት። አንዴ በሉልኝ እያልኩ አምስት ጊዜ አስባልኳቸው፤ አምስቱንም ጊዜ ይሄ የመጨረሻ ነው፣ ነፍሴን አታስኮንኚ እያሉ አሉልኝ። ሰርግም አትሄድም፣ ለቅሶ ቤትም አትገባም፤ በር ላይ የቆመ ሰው ትመስላለች። አያ ገብሩ ልክ አይደለችም ይላሉ። ሐጅ ኢድሪስም ልክ አይደለችም ይላሉ፤ በሌላ ነገር ተስማምተው ስለማያውቁ ይህም አንድ ነው።

ግን አልዋሽህም። ያን ዘፈን አሁን ስመታት የምሰማው እታለምን ነው። አንተን አይደለም። ድምፅህን ረስቼዋለሁ፣ አባዬ። ይህን ቃል ላለመጻፍ ነው ስለ ግድግዳና ስለ ፍየል ይህን ሁሉ ያወራሁ። እንደ አንተ አድርጌ እጫወታታለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ያንተዋ ካንተ ጋር ሄዳለች። የቀረችኝ አንተ የሰረቅካት ናት።

እሷን አልረሳትም። እታለም እስካሉ ከጉሮሯቸው እቃኛታለሁ፤ እሳቸው ካለፉም በኋላ ያች አዲስ ጅማት እጥፋቷን ትይዛለች። እኔ በሞትኩ ማግስት የሚያላላት ሰው ቢመጣ እንኳ፣ የሚወጥራት ሰው እጥፋቱን ያገኘዋል። የማልረሳህ በዚህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ቃል ልሰጥህ አልችልም።

እታለም ከውጭ ገብተው፣ ዳዊቱ አላለቀም እንዴ አሉኝ። ሊያልቅ ነው አልኳቸው። ካለቀ ያን የሰይጣን ክራር አውርጂው፣ ዝም ብሎ ተሰቅሎ ይበላሻል አሉና በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ልጅህ ጥሩነሽ